ተልባ ለፀጉር፤ ከድስት እስከ ሚዶ

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ስለ ፀጉር ነው። ከሱቅ መደርደሪያ ሳይሆን ከማድ ቤት ስለሚወጣ አንድ የፀጉር ማስያዣ ይነገራል፤ ስለ ተልባ።

ተልባ የማይገባበት ቤት ጥቂት ነው። በጾም ተቆልቶና ተወቅጦ በውሃ ይበጠበጣል፣ እንጀራ ይፈተፈትበታል። ሆዱ የደረቀበት ሰው ጠዋት በባዶ ሆዱ ይጠጣዋል። ምጣድ ላይ ሲንጣጣ የሰማ የጥንት ሰው «ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ» ብሎ ተርቶበታል። አርሲና ባሌ፣ ሸዋና ጎጃም፣ ወሎም በደጋው መሬታቸው ያበቅሉታል። ይኸው ፍሬ አሁን አሁን በሌላ ሥራም ስሙ ይነሳል። የተፈጥሮ ፀጉራቸውን ያለ ኬሚካል ማስያዝ የሚፈልጉ ሴቶች፣ ወንዶችም ጭምር፣ አፍልተው ካጠለሉት በኋላ እንደ ጄል ይቀቡታል።

ታዲያ ይሠራል ወይ? ይሠራል። ግን የሚሠራው ምን እንደሆነና የማይሠራው ምን እንደሆነ ሳይለዩ የሚሞክሩት ሰዎች ብዙ ናቸው። አንዷ በሁለት ቀን ተስፋ ቆርጣ ትጥለዋለች፤ ሌላዋ ደግሞ ፀጉር ያበቅላል ብላ ወራት ትጠብቃለች። ሁለቱም የሚከስሩት በትንሽ ዕውቀት ማነስ ነው።

አንዲት ወጣት እናስብ። ስም ልናወጣላት አያስፈልግም፤ እንደ እሷ ያሉ በየሰፈሩ አሉ። ከአሥራዎቹ ዕድሜዋ ጀምራ በየሁለት ወሩ ሪላክሰር ስትቀባ፣ በየሳምንቱ መጨረሻ ፔስትራ ስትሠራ ኖራለች። ግንባሯና ጆሮ ግንዷ አካባቢ ያለው ፀጉር እየሳሳ ሲሄድባት አንድ ቀን ቆርጣ ቆረጠችው። አሁን አራት ጣት የሚያህል፣ ጥቅልል ጥቅልል ያለ የራሷ ፀጉር በቅሎላታል። ችግሩ አልያዝ ማለቱ ነው። ጠዋት አስተካክላው ትወጣለች፣ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ እንደተፈለቀቀ ጥጥ ይበተናል። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ተልባ ለቅማ ድስት ስትጥድ አያቷ ብቅ አሉ።

«ምነው ልጄ፣ ዛሬ ፍስክ አይደለም እንዴ? ተልባው ምን ሊሆን ነው?»

«ለፀጉሬ ነው፣ እማማ።»

«ለፀጉርሽ? ለፀጉር ለጋ ቅቤ ነው እንጂ! እኛ በምን ያደግን መስሎሻል?»

አያትየዋም ልክ ናቸው፤ የልጅ ልጃቸውም ልክ ናት። የሚያወሩት ግን ስለ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ነው። ይህን ለመረዳት መጀመሪያ ፀጉር ራሱ ምን እንደሆነ ማየት ይገባል።

ከራስ ቆዳ ወጥቶ የምናየው ፀጉር በድን ነው፤ ሕይወት የለውም። ሕይወት ያለው ከቆዳው ሥር የተቀበረው ሥሩ ነው። እዚያ የሚፈጠረው ኬራቲን የሚባል ፕሮቲን እየጠነከረ ወደ ላይ ይገፋል፣ በወር 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ሥሩን የሚመግበው ደም ነው፤ ደሙን የሚመግበው ደግሞ ገበታ ነው። ስለዚህ «ፀጉርን ይመግባል» የሚል ጽሑፍ ያለበት ብልቃጥ ስታዩ ቃሉን እንዳለ አትውሰዱት። ከውጭ የሚቀባ ነገር ፀጉርን ሊሸፍን፣ ሊያለሰልስ፣ እርጥበቱን ሊጠብቅና ቅርጹን ሊይዝ ይችላል። ይህም ቀላል ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ አንድ የላቦራቶሪ ጥናት የኮኮናት ዘይት ወደ ፀጉሩ ውስጥ ዘልቆ እየገባ ሲታጠብና ሲበጠር የሚጠፋውን ፕሮቲን እንደሚቀንስ አሳይቷል። ይህ ግን ያለውን ፀጉር መጠበቅ ነው፤ አዲስ ማብቀል አይደለም።

አንድ ዘለላ ፀጉር በአጉሊ መነጽር ቢታይ ላዩ እንደ ዓሣ ቅርፊት በተደራረቡ ስስ ሽፋኖች የተከደነ ነው። ሽፋኖቹ ተኝተው ሲለጠፉ ፀጉሩ ያብረቀርቃል፣ ሚዶም ሳያዝ ያልፋል። ሲነሱና ሲሸረፉ ይሻክራል፣ ይጠላለፋል። ሉጫ ፀጉር የሚወጣበት ቀዳዳ ቀጥ ያለ፣ ፀጉሩም ክብ ነው። ጥቅልል ፀጉር የሚወጣበት ቀዳዳ ግን የጎበጠ ነው፤ ፀጉሩ ቢቆረጥና ከአፉ ቢታይ ሞላላ ሆኖ ይገኛል። የራስ ቆዳ የሚያመነጨው ወዝ በሉጫው ላይ እስከ ጫፍ ይንሸራተታል። በጥቅልሉ ላይ እያንዳንዱን ዙር መውጣትና መውረድ ስላለበት መንገድ ላይ ይቀራል። ጥቅልል ፀጉር ቶሎ የሚደርቀው፣ ከየመታጠፊያውም ቶሎ የሚሰበረው በዚህ ምክንያት ነው። ሰነፍ ወይም «መጥፎ» ፀጉር ስለሆነ አይደለም።

ሌላው ነገር ውሃ ነው። በኬራቲኑ ውስጥ ያሉትን ረጃጅም ሰንሰለቶች እርስ በርስ ከሚያያይዟቸው ትስስሮች መካከል ደካማዎቹ የሃይድሮጅን ትስስሮች ይባላሉ። ፀጉር ሲረጥብ እነዚህ ይፈታሉ፤ ሲደርቅ መልሰው ይቋጠራሉ፣ ያውም ፀጉሩ በዚያች ሰዓት በያዘው ቅርጽ። በቢጎዲን ተጠቅልሎ ካስክ ሥር የደረቀ ፀጉር ሲፈታ ሞገድ የሚያወጣው በዚህ ነው። ፔስትራ የተሠራ ፀጉር በሐምሌ ካፊያ ሲመታ ከቤት በር ሳይርቅ የሚሰበሰበውም በዚሁ ነው። እንግዲህ ፀጉር የማስያዝ ጥበብ ሁሉ በአንድ ነገር ላይ ይቆማል፤ እርጥብ ሳለ ቅርጽ ማስያዝ፣ ከዚያ ቅርጹ ሳይነካ ማድረቅ። ጄል የሚገባው እዚህ መሐል ነው።

የአያትየዋ ቅቤ ሥራ ሌላ ነው። ቅቤ የሚቀልጠው በ32 እና በ35 ዲግሪ ሴልሺየስ መካከል ስለሆነ አናት ላይ ሲያርፍ በራስ ሙቀት ብቻ ይቀልጣል፣ እየቀለጠም ወደ ፀጉሩ ይወርዳል። ቅባቱ ፀጉሩን ይከድነዋል፤ ውስጡ ያለው እርጥበት በፀሐይና በነፋስ እንዳይተን ያዘገያል። በቆላና በበረሃ የሚኖሩ ሕዝቦች ይህን ከማንም ቀድመው ያወቁት ይመስላል። የሐመር ሴቶች ቀይ አፈርና ቅቤ ለውሰው ፀጉራቸውን በትናንሽ ዘለላ ይገምዳሉ፤ የአፋር ጎልማሶችም ጥቅልል ፀጉራቸውን በቅቤ ያሳምራሉ። ጥንታዊ ግብፆችም ከዚህ አልራቁም። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት 18 የግብፅ አስከሬኖችን ፀጉር መርምሮ በግማሾቹ ላይ ቅባት መሰል ነገር አግኝቷል። ተመራማሪዎቹ ፀጉርን በቅርጹ ለመያዝ የተቀባ ነው ብለው ደምድመዋል። የፀጉር ማስያዣ ምርት እንግዲህ የፋብሪካ ፈጠራ አይደለም።

ቅቤ ጉድለትም አለው። ይከድናል እንጂ ውሃ አይሰጥም፤ ደረቅ ፀጉር ላይ ከተቀባ ድርቀቱን ከድኖ ማስቀመጥ ይሆናል። ሲሰነብት ይሸታል። ፎረፎር ላለበት ሰው ደግሞ ጉዳቱ ሊያመዝን ይችላል፤ ፎረፎርን ከሚያባብሱት ነገሮች አንዱ ማላሴዚያ የሚባል በራስ ቆዳ ላይ የሚኖር ፈንገስ ነው፣ ምግቡም ቅባት ነው። እንዲህ ያለ ሰው ቅቤውን ከራስ ቆዳው አርቆ ፀጉሩ ላይ ብቻ ቢቀባ ይሻለዋል።

አሁን ወደ ድስቱ እንመለስ።

የተልባ ፍሬ ላይ ያለው ስስ ገለፈት ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ዝልግልግ ነገር ይለቃል። ይህ ዝልግልግ በረጃጅም የስኳር ሰንሰለቶች የተሠራ ሙጫ ነው። ውሃን ይዞ ያቆያል፤ ፀጉር ላይ ተቀብቶ ሲደርቅ ደግሞ እንደ ስስ ወረቀት እያንዳንዱን ዘለላ ይሸፍናል፣ ጎን ለጎን ያሉትን ዘለላዎችም አያይዞ ቅርጻቸውን ያስጠብቃል። ሙጫው ያለው በገለፈቱ ላይ ስለሆነ ፍሬው መፈጨት የለበትም። የተፈጨ ተልባ ዘይቱንና ዱቄቱን ለቆ ድስቱን ገንፎ ያደርገዋል፤ ፀጉር ውስጥ የገባ እንደሆነም በሚዶ አይወጣም። የተቆላም አይሆንም። ጥሬ፣ ሙሉ፣ የተለቀመና የታጠበ መሆን አለበት።

ልኩ ቀላል ነው፤ አንድ የቡና ስኒ ተልባ፣ 8 ስኒ ውሃ። ወጣቷ ለአራት ጣት ፀጉሯ ከዚህ ግማሹን ብትሠራም ይበቃት ነበር። መካከለኛ እሳት ላይ ይጣዳል፣ ፍሬው ከድስቱ ሥር እንዳይዝ በእንጨት ማንኪያ ይማሰላል። በዝቅተኛ ቦታ ከ7 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃዋል። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውሃ እዚያ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ስለዚህ ጥቂት ደቂቃ ሊጨምር ይችላል። ሰዓትን ሳይሆን ማንኪያን ማየት ነው የሚሻለው። መጀመሪያ ውሃው ይደፈርሳል፣ ከዚያ ነጭ አረፋ ከዳር ዳር ይነሳል። ማንኪያው ወጥቶ ሲዘቀዘቅ ፈሳሹ ጠብ ጠብ ማለቱን ትቶ እንደ እንቁላል ነጭ ክር እየሠራ ሲወርድ ደርሷል ማለት ነው። እሳቱ በዚያች ደቂቃ መጥፋት አለበት። አንድ ሁለት ደቂቃ አልፎ ከቆየ ይወፍርና ማጥለያ አልፎ አይወጣም።

ማጥለሉ ላይ ብዙ ሰው ይቸገራል። ትኩስ እያለ ካልተጠለለ ሲበርድ ይረጋና ፍሬውን እንደያዘ ይቀራል። የሻይ ማጥለያ ወንፊት ሊያገለግል ይችላል፤ ንጹሕ ያረጀ ስቶኪንግ ግን የተሻለ ነው። ፍሬው ስቶኪንጉ ውስጥ ይቀራል፣ ጄሉ በመጭመቅ ይወርዳል። እጅን እንዳያቃጥል በማንኪያ ጀርባ መግፋት ይቻላል። የወጣቷ አያት የወረደውን በጣታቸው ነክተው፣ በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መካከል ሳቡት። «ይኸማ ይይዛል» አሉ። እሳቸው በልጅነታቸው ሹሩባቸውን ሲሠሩ ግንባር ላይ የሚነሳውን ፀጉር በምን እንደሚያስተኙ ያውቃሉና፣ የሚይዝ ነገር ሲያዩ አይስቱትም።

ጄሉ በደንብ ሲቀዘቅዝ ፀጉር ላይ ከመዋሉ በፊት ቆዳ ላይ መሞከር አለበት። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ መዝለል ግን አይገባም። «ከማድ ቤት ነው፣ ምን ያደርጋል?» የሚለው አነጋገር ብዙ ሰው ጎድቷል። ነጭ ሽንኩርት ጨምቀው ራሳቸው ላይ የቀቡ ሰዎች ቆዳቸው ተቃጥሏል። ሎሚ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ መውጣት ቆዳን ያቆስላል፣ ጠባሳም ይተዋል። ተልባ ከእነዚህ በጣም የለዘበ ነው፤ ቢሆንም ለተልባ አለርጂ የሆኑ ሰዎች አሉ፣ ጥቂት ቢሆኑም። የአሜሪካ የቆዳ ሐኪሞች አካዳሚ አዲስ ምርት ሲሞከር በክንድ ውስጠኛ ክፍል፣ በሳንቲም ስፋት ልክ፣ በቀን 2 ጊዜ ከ7 እስከ 10 ቀን እየቀቡ ማየትን ይመክራል። ቀይ ሆኖ ካሳከከ፣ ካበጠ ወይም ውሃ ከቋጠረ ታጥቦ ይተዋል። ራሱ ላይ ቁስል ያለበት ሰው፣ ወይም ቆረቆር የያዘው ልጅ፣ ጄልም ሆነ ቅቤ ከመቀባቱ በፊት ሐኪም ያየዋል። ቆረቆር በሚዶና በፎጣ ይተላለፋል፤ ፀጉር ማስያዣ አያድነውም።

ፀጉር ላይ ሲሞከርም ዘዴ አለው። ወጣቷ መጀመሪያ ፀጉሯን ታጠበች፣ ኮንዲሽነር ቀብታ በጣቷና ባለ ሰፊ ጥርስ ሚዶ ከጫፍ ጀምራ ወደ ሥር ፈታታችው። ከዚያ ውሃው ሳይንጠፈጠፍ በአራት ከፈለችው። በግራ በኩል ባሉት ሁለት ክፍሎች ላይ የተልባውን ጄል ቀባች፤ በቀኝ ባሉት ላይ ሁልጊዜ የምትጠቀምበትን የሱቅ ቅባት። ሙሉ ራሷን በአንድ ጊዜ አልቀባችም። ብልህነቷ እዚህ ላይ ነው። አንድ ራስ፣ አንድ ውሃ፣ አንድ የአየር ጠባይ፣ ሁለት ምርት፤ ከዚህ የተሻለ ማነጻጸሪያ የለም። ጄሉን ስትቀባ ለየክፍሉ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል በመዳፏ አሰራጭታ ከሥር ወደ ጫፍ አወረደችው፣ ከዚያ በሁለት ዘለላ እየጠመዘዘች ሠራችው። ስትጨርስ አልነካችውም። ፎጣ አልጠመጠመችም፣ ሻሽ አላሰረችም፤ ዝም ብላ አደረቀችው።

ሲደርቅ ግራው ደረቅ ያለ ሆነ፤ ሲነካ እንደ ተወደረ ክር ነው። ልምድ የሌለው ሰው እዚህ ይደነግጣል። ይህ ጠንካራ ሽፋን ግን ሥራው በትክክል መሠራቱን የሚያሳይ ምልክት ነው። ፀጉሩ እስከ ሥሩ መድረቁ ከተረጋገጠ በኋላ መዳፍ ላይ ሁለት ሦስት ጠብታ ዘይት፣ ወይም አያትየዋ እንዳሉት ጥቂት የቀለጠ ቅቤ፣ አሽቶ ፀጉሩን ጨበጥ ለቀቅ ማድረግ ነው። ሽፋኑ ይሰበራል፣ ጥቅልሉ ግን እንደተያዘ ይቀራል። ተልባውና ቅቤው የተገናኙት እዚህ ላይ ነው፤ አንዱ ያስያዘውን ሌላው አለሰለሰው። በማግስቱ ጠዋት የግራው ጥቅልል እንዳለ ነበር፤ የቀኙ ግማሽ በግማሽ ተበትኗል።

አንዳንድ ጊዜ ፀጉሩ ላይ ነጭ ፍርፋሪ ይታያል። ይህ ፎረፎር አይደለም። ከጄሉ በፊት የተቀባው ክሬምና ጄሉ ሳይስማሙ ሲቀሩ የሚወጣ ነው። ሁለቱን በእጅ ጀርባ ላይ ቀላቅሎ ማየት ይበቃል፤ ከጓጎለ ፀጉር ላይም እንደዚያው ይሆናል። ጄል ከበዛም ይፈረፈራል።

ሌላ ድንጋጤ የሚመጣው በመታጠቢያ ቀን ነው። ለሳምንት ያህል ሳይበጠር የቆየ ፀጉር ሲፈታ ጭብጥ የሚሞላ ፀጉር ይወጣል። «ተልባው ፀጉሬን አረገፈው» ይባላል። ነገሩ ሌላ ነው። ማንኛውም ጤነኛ ሰው በቀን ከ50 እስከ 100 ዘለላ ይረግፍበታል። ሉጫ ፀጉር ያለው ሰው በየትራሱና በየልብሱ ላይ ስለሚጥለው አያስተውለውም። በጄል የተያዘ ጥቅልል ግን የረገፈውን ሁሉ ይዞ ያቆየዋል፤ 7 ቀን ከቆየ ከ350 እስከ 700 ዘለላ በአንድ ቀን ይወጣል ማለት ነው። የሚያሳስበው የተለየ ነው፤ ፀጉሩ መሐሉ ላይ እየተሰበረ አጫጭር ሆኖ ከወጣ፣ ወይም አንድ ቦታ ላይ ራስ ቆዳው መታየት ከጀመረ።

በተለይ ግንባር ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጄል ስለሚይዝ ብቻ ፀጉርን ወደ ኋላ ጎትቶ ለጥጦ የማሰር ፈተና ይመጣል። ተጎትቶ የተሠራ ሹሩባ፣ ከባድ ሂውማን ሄር፣ በየቀኑ ጥብቅ ብሎ የታሰረ ፀጉር ሥሩን ያለማቋረጥ ይስበዋል። በጊዜ ከተተወ ፀጉሩ ይመለሳል። ዓመታት ከዘለቀ ግን ሥሩ ይጠፋል፣ ከዚያ በኋላ የሚያበቅለው ቅባት የለም። ሹሩባ ሲሠራ ካመመ ጠብቋል ማለት ነው፤ «ለማማር መታገሥ ነው» የሚባለውን ተዉና ሠሪዋን «እባክሽ አላዪልኝ» በሏት። ትንንሽ ሴት ልጆች ይህን ራሳቸው ሊናገሩ አይችሉም፤ እናቶች ይናገሩላቸው።

ከሱቅ የተዘጋጀ የተልባ ጄል መግዛት ለሚመርጡ አንድ ነገር ማወቅ ይጠቅማል። በብዙ አገሮች የመዋቢያ ምርት ይዘት የሚጻፈው ብዛት ካለው ወደ ትንሹ እየወረደ ነው። ተልባ እዚያ ላይ የሚጻፈው በሳይንሳዊ ስሙ ሊነም ኡሲታቲሲመም ተብሎ ነው፤ ሁለተኛው ቃል በላቲን «እጅግ ጠቃሚ» እንደማለት ነው። ይህ ስም ከሽቶው በኋላ፣ ከዝርዝሩ ጭራ ላይ ከመጣ፣ ብልቃጡ ላይ ያለው የተልባ ሥዕል ከውስጡ ካለው ተልባ ይበልጣል።

ለመሆኑ ሰው ይህን ሁሉ ድካም ለምን ይመርጣል? ሪላክሰር በአንድ ሰዓት ፀጉርን ለወራት ያስተኛል። የሚያስተኛው ግን ውሃ የሚፈታቸውን ደካማ ትስስሮች ሳይሆን ጠንካራዎቹን፣ በድኝ የተያያዙትን፣ በመስበር ነው። በአንዳንዶቹ ውስጥ ያለው ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ በሳሙና ሥራ ኮስቲክ ሶዳ እየተባለ የሚታወቀው ነው። የተሰበረው አይመለስም፤ አዲስ እስኪበቅል መጠበቅ ነው። ፎርማልዴሃይድ የሚለቁ ማስተኛዎች ደግሞ ሌላ አደጋ አላቸው፤ የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ፎርማልዴሃይድን ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል።

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት በብዙ ሴቶች ዘንድ ሐሳብ አስለውጧል። 33,497 ሴቶችን ለ11 ዓመት ገደማ ተከታትሏል፤ በዚህ ጊዜ 378ቱ በማኅፀን ካንሰር ተይዘዋል። በተመራማሪዎቹ ግምት የፀጉር ማስተኛ ኬሚካል ፈጽሞ ከማይጠቀሙ ሴቶች መካከል እስከ 70 ዓመታቸው በዚህ ካንሰር የሚያዙት 1.64 በመቶ ሲሆኑ፣ በዓመት ከ4 ጊዜ በላይ ከሚጠቀሙት መካከል ግን 4.05 በመቶ ናቸው። ጥናቱ ኬሚካሉ ካንሰሩን ማምጣቱን በራሱ አያረጋግጥም፤ ሁለቱ አብረው መገኘታቸውን ነው ያሳየው። ቁጥሩም ቢሆን ለማንም ሴት የሞት ፍርድ አይደለም። ደጋግሞ የመቀባትን ልማድ ቆም ብሎ ለማሰብ ግን በቂ ምክንያት ነው።

የቋንቋችንም ነገር አለ። «ዞማ» ስንል እናወድሳለን፤ «ከርዳዳ» ስንል ብዙ ጊዜ እንሳደባለን። ልጅ ይህን በጆሮዋ እየሰማች ታድጋለች፣ ከዚያ መስታወት ፊት ትቆማለች። ያው ጥቅልል ፀጉር ግን በታሪካችን የክብር ምልክት ሆኖ የኖረ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ በየጫካው የነበሩ አርበኞች በጎፈሬያቸው ይታወቁ ነበር። የአፄ ቴዎድሮስ ፀጉር በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ከአስከሬናቸው ተቆርጦ ተወስዶ ለንደን ውስጥ በሙዚየም ኖሯል፤ ለኢትዮጵያ የተመለሰው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ካሊፎርኒያ ከአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች ቀዳሚ ሆና ሰው በተፈጥሮ ፀጉሩና በሹሩባው ምክንያት ከሥራም ሆነ ከትምህርት እንዳይገለል የሚከለክለውን የክራውን ሕግ አጸደቀች። ሎስ አንጀለስ ውስጥ የሚኖሩ ወገኖቻችንም በዚህ ሕግ ይጠበቃሉ።

ውጭ አገር ለሚኖሩ አድማጮች ስለ አየሩ አንድ ቃል እንጨምር። ብዙዎች ተልባው ላይ ግሊሰሪን ወይም ማር ይጨምራሉ። ሁለቱም እርጥበት ሳቢ ናቸው። አየሩ ለዘብ ባለበት ወቅት ይረዳሉ። በሚኒሶታ ክረምት፣ ማሞቂያ ቀኑን ሙሉ አየሩን በሚያደርቅበት ቤት ውስጥ ግን፣ የሚስቡት ከአየሩ ሳይሆን ከፀጉሩ ሊሆን ይችላል። ዋሽንግተን በሐምሌ ወር ወበቁ ሲበረታ ደግሞ ፀጉሩን አሳብጠው ይበትኑታል። መጀመሪያ ተልባውን ብቻ ሞክሩ፤ ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጨምሩ። ሦስት ነገር አንድ ላይ ጨምሮ የትኛው እንደሠራ ማወቅ አይቻልም። አንድ ጊዜ ታጥቦ በተቀባ መፍረድም አይገባም፤ ሦስት መታጠቢያ ቀን ስጡት።

የመጨረሻው ጉዳይ ማስቀመጥ ነው። የተልባ ጄል ውሃና ስኳር መሰል ሙጫ ነው፤ ለሰው ፀጉር የሚመቸውን ያህል ለባክቴሪያና ለሻጋታም ይመቻል። አንዳንዶች እንዳይበላሽ ብለው የቫይታሚን ኢ ዘይት ጠብ ያደርጉበታል። ቫይታሚን ኢ ዘይት አየር ነክቶት እንዳይበላሽ ያዘገያል እንጂ ባክቴሪያ አይገድልም። ጥሩ ሽታ የሚሰጡ የዕፅዋት ዘይቶችም በጥቂት ጠብታ ይህን ሥራ አይሠሩም፤ ቆዳንም ሊያስቆጡ ይችላሉ። የሚያዋጣው ትንሽ ትንሽ መሥራትና ፍሪጅ ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ከበዛ በበረዶ መሥሪያ ቅርጽ አድርጎ ማርጋት፣ በመታጠቢያ ቀን የሚበቃውን ያህል ብቻ ማውጣት ይቻላል። እጅ አይግባበት፤ በንጹሕ ማንኪያ ይወጣ።

ወጣቷ የቀረውን ጄል ክዳን ባለው የብርጭቆ ዕቃ ገልብጣ ፍሪጅ ከማስገባቷ በፊት ቁራጭ ወረቀት ለጠፈችበት፤ የሠራችበትን ቀን ጻፈችበት። እናንተም እንዲሁ አድርጉ። አንድ ሳምንት ደህና ነው፣ ሁለት ሳምንት ወሰኑ ነው። ከዚያ ያለፈውን፣ ወይም ከዚያም በፊት ቢሆን ሽታው የተለወጠውንና የቀጠነውን፣ ፀጉራችሁ ላይ ሳይሆን ወደ ፍሳሽ ድፉት።